የአባባ ባትሪ

ይድረስ ለወንድሜ ለዑመይር፣ ጁባ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ናፍቆትህ በወረቀት ስለማያልቅ ሰላምታዬን እዚሁ ላሳጥረው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በሾፌሩ የላክህልኝ የተበላሹ የላፕቶፕ ባትሪዎች ደርሰውኛል። ፈልቅቄ ከውስጣቸው ደህና ደህናዎቹን ድንጋዮች መረጥኩና በብየዳ አያይዤ ለአባባ የእጅ ባትሪ ሠራሁላቸው። እጀታው አልበቃ ቢለኝ በፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ አስረዘምኩት። ሱቄ የሚመጣ ሁሉ «ባሂራ፣ ይሄማ የመኪና መብራት ነው!» ይለኛል። አባባ ግን «እጅሽ ይባረክ ልጄ፤ ብቻ ትንሽ ደከም ይላል» አሉኝ። ድንጋይ ጨመርኩበት፤ አምፖሉንም ቀየርኩት። አሁን ሲበራ ከመንገዱ ማዶ ያለው ግድግዳ ቀን ይመስላል። ጎረቤታችን ከድጄ እንኳ «ዓይኔን ልታጠፊው ነው!» ብላ ተቆጥታኛለች። አባባ አሁንም «ጨምሪበት» ይላሉ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በረንዳው ላይ በርበሬ ሲመርጡ ደረስኩባቸው። ባትሪውን አብርተው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ሻጋታውንና ደህናውን አንድ ላይ ከምረውታል፤ በርበሬ በመምረጥ አባባን የሚያህል እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። «ዛሬ ደመናው ከብዷል» አሉኝ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። እኔም «አዎ አባባ፣ ከብዷል» ብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና አብሬያቸው መረጥኩ።

ሌላ ባትሪ አትላክ፤ ለዒድ አንተው ና። ስትመጣ ደግሞ እንደ ልማድህ ድምፅህን አጥፍተህ ፊታቸው አትቁም። ከአጥሩ ጀምረህ ስምህን እየጠራህ ግባ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ባሂራ፣ ከቡታጅራ