የአቶ ጌታሁን ምሳ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አስጎብኚው አቶ ጌታሁን ከአዲስ አበባ መጡ። እንግዶቻቸውን ወደ እኛ ለማምጣት ከመወሰናቸው በፊት መንገዱንና ምግቡን ሊያዩ ነው። አባያ ሐይቅ ዳር ወሰድኳቸው። ትልቅ ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። እኔ በጾም ዓሣ አልበላም።»

እኛ ጴንጤዎቹ ረቡዕን ከማክሰኞ መቼ እንለያለን! ደነገጥኩ፤ ግን ሳላስታውቅ ወዲያው ወደ ጨንቻ ይዣቸው ወጣሁ። ትኩስ ቆጮ ከማርና ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበ። እንባቸው እየወረደ ዳጣውን ደጋገሙት።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ዳጣው አይሸሽም!» አለቻቸው የምግብ ቤቱ ባለቤት።

ከት ብለው ሳቁ። ማታውኑ ሊመለሱ ነበር፤ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «እንግዶቼ መጀመሪያ እዚህ ይመጣሉ» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ነገ ዓሣህን ሳልበላ አልሄድም።»