«እሙሽ» የተባሉት የወ/ሮ ስንቄ ገብረአምላክ የሕይወት ታሪክ (1927–1966 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ስንቄ ገብረአምላክ ከአባታቸው ከአቶ ገብረአምላክ ተክሌና ከእናታቸው ከወ/ሮ አጸደ ወልደየሱስ በመንዝ አውራጃ ጥቅምት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። እናታችን ስንቄ ብለው ስም ያወጡላቸው «ለክፉ ቀኔ የያዝኳት ናት» በማለት ነው። በስድስት ዓመት የምከተላቸውን እኔን ደግሞ ሀረገወይን አሉኝ። ለእሳቸው ስንቅነት፣ ለእኔ ጌጥነት ደረሰን፤ ቅናቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያዘዙኝ የወ/ሮ ስንቄ ባለቤት መምህር አዳነ ወልደሰንበት ናቸው። በሕይወት ሳሉ አንቺ እያልኩ የኖርኩትን እህቴን ዛሬ ወረቀቱ አንቱ አስብሎኛል። ሁሉን ሲወስዱብኝ ኖረው አሁን ደግሞ አንቱታ ጨመሩበት። ለቀስተኛው ይታዘበኝ እንጂ በእህቴ እቀና ነበር፤ ይህን ደብቄ በውሸት ወረቀት አልቀብራቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ትናንት በትምህርት ቤቱ በስቴንስል ሲመታ ጸሐፊው ከቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ «ልጅ የላቸውም» ብሎ ነበር። መምህር አዳነ አዩት፣ ሰረዙት፣ ቦታውንም ባዶ ተዉት። «ሀረግ፣ ይህን መስመር አንቺ ሙዪው። እኔ አልችልም» አሉኝ። ለምን ለእኔ እንደተዉት ሁለታችንም እናውቃለን። ልጄ ጥሩነሽ የማን ልጅ ተብላ ትጻፍ የሚለው ነገር በሁለቱ ቤቶች መካከል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነሳ የኖረ ነው። መስመሩን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ታሪካቸው ይነገር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባታችን በአዶላ የወርቅ ማዕድን በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ፤ ቤተሰቡም በ1936 ዓ.ም. ተከትሏቸው ክብረ መንግሥት ገባ። ወ/ሮ ስንቄ በዚያው ከተማ ትምህርት ጀምረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታችን ማስተማር የምችለው አንዷን ብቻ ነው ሲሉ፣ ያቺ አንዷ ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም። እሳቸው ትምህርት ቤት ሲውሉ እኔ ውሃ ቀዳሁ። ማታ ማታ ያስጠኑኝ ነበር፤ ዛሬ ይህን የምጽፍበትን ፊደልም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ይህም ራሱ ያናድደኛል።

በ1945 ዓ.ም. ወደ ይርጋለም ሄደው የድሬሰርነት ትምህርት ተከታተሉ። ከዚያም ጥቂት ዓመት ሠርተው አዲስ አበባ የአዋላጅነት ስልጠና ወሰዱና ሐምሌ 1952 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ክሊኒክ ተመደቡ። እኔ ከአንድ ዓመት በፊት ከአሥር አለቃ ኃይለማርያም ወልደገብርኤል ጋር ተጋብቼ ነገሌ ገብቼ ነበር። ያቺ አንድ ዓመት ነገሌ የእኔ ከተማ ነበረች። በጦር ሰፈሩ ዙሪያ ያሉ ሴቶች ሁሉ በስሜ ይጠሩኛል። እህቴ ከጭነት መኪና ላይ ቆርቆሮ ሳጥናቸውን ይዘው በወረዱ በሁለተኛው ሳምንት ግን «የስንቄ እህት» ሆንኩ፤ እስከ ዛሬም ነኝ።

ሥራቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በክሊኒኩ መስኮት ቆሜ እሰማቸው ነበርና። ሐሙስ ሐሙስ ነፍሰ ጡሮችን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አራሶችንና ሕፃናትን ያያሉ። ልጁ እንዳይተልቅ ተብሎ የእርጉዝ ሴት ምግብ እንዳይቀነስባት ይመክራሉ። እትብት የሚቆረጥበት ምላጭ አዲስና በፈላ ውሃ የተቀቀለ ይሁን፣ በእትብቱም ላይ እበትም ቅቤም አይደረግ ይላሉ። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ ሳንባውን ይጎዳል ብለው ይቆጣሉ። ደም የበዛባት ወይም ያተኮሳት አራስ አርባ ቀኔ ይሙላ ሳትል በቃሬዛም ቢሆን እንድትመጣ ያስጠነቅቃሉ። ባሎችንም በር ላይ አስቁመው ይመክሩ ነበር፤ ሻለቃውም ሆነ ነጋዴው ቆሞ ያዳምጣል። እኔ ባሌን ጫማህን አውልቅ ብል የሚሰማኝ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ለረጅም ጊዜ እምቢ አላቸው። ሴቶቹ በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣውን ወፍራም ወተት ቆሻሻ ነው እያሉ መሬት ላይ ያልቡታል። እህቴ ከመጽሐፍ በተማሩት ቃል «የመጀመሪያው ቢጫ ፈሳሽ ለሕፃኑ ጠቃሚ ነው» ሲሉ ሴቶቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። አንድ ሐሙስ ከነገሌ ወጣ ብሎ ካለው የከብት አርቢዎች መንደር የመጣች ጉያቱ ጂሎ የምትባል እርጉዝ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ቆየችና «ስልጋ ነው የምትይው? ጥጃ ስልጋ ካላገኘ ይሞታል። ለጥጃ ሰጥቶ ለልጁ የሚከለክል ሰው አለ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወ/ሮ ስንቄ የመጽሐፉን ቃል ጣሉት። ለቦረና ሴት ስልጋ፣ ለእኛ እንገር ይሉን ጀመር፤ የላም እንገር የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ገባው። ጉያቱንም «አስተማሪዬ» እያሉ ይጠሯት ነበር። እኔን አስተማሪዬ ብለውኝ አያውቁም፤ ያስተማርኳቸውም ነገር አልነበረም።

ጥር 1953 ዓ.ም. የነገሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ከሆኑት ከአቶ አዳነ ወልደሰንበት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ቤታቸውንም ከቤታችን ጋር በአንድ አጥር አዋሰኑ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1955 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ያለ ጊዜዋ የመጣች ስለነበረች በሦስተኛው ቀን አረፈች፤ ስም እንኳ አልወጣላትም ነበር። የስንቱን ቤት ልጅ ያተረፉ ሴት የራሳቸው አልተረፈችላቸውም። ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀናሁባቸውም። በዚያው ወር በ22 እኔ ምጥ ያዘኝ። እህቴ ራሳቸው አራስ ነበሩ፤ በወጉ መቆም ሳይችሉ አጥሩን ተሻግረው መጥተው አዋለዱኝ። ልጄን አጥበው ሰጡኝና «እንገሩን አጥቢያት። ቅቤ እንዳታስውጫት፣ አደራ» ብለውኝ ግድግዳ እየያዙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ እሳቸው ያሉትን ላለማድረግ ብቻ ተቃራኒውን አደረግሁ። ከተማው ሁሉ እሺ ይላቸዋል፣ አንድ ሰው እንኳ እምቢ ይበላቸው አልኩ። እንገሩን መሬት ላይ አለብኩት፤ ለልጄም በጣቴ ቅቤ አስዋጥኳት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ጀመረ፣ ጡትም አልይዝ አለች። የእኔም ጡት እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ትኩሳት ጣለኝ። ባለቤቴ ሮጦ እህቴን ጠራ።

ወ/ሮ ስንቄ ገብተው ጎንበስ አሉና የልጅቱን አፍ አሸተቱ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያም ወተታቸው እንዲደርቅ ጡታቸውን ጠፍረው ያሰሩበትን ነጠላ እፊቴ ፈቱ። መጀመሪያ አልበው በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ አደረጉላት። «ጥሩ ነሽ፣ አይዞሽ፣ ጥሩ ነሽ» እያሉ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ አብረዋት ዋሉ፣ አብረዋት አደሩ። በማግስቱ ልጅቱ ጡታቸውን ያዘች። ስሟም በዚያው ጥሩነሽ ሆኖ ቀረ። ስለ ቅቤው ለሐኪምም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ኃይለማርያም፣ አንተም ይህን ዛሬ ከለቀስተኛው ጋር እየሰማህ ነው፤ ይቅር በለኝ።

የእኔ ጡት ተበጥቶ ወተቱ ደረቀ። ጥሩነሽ እስከ ዓመት ከመንፈቋ ድረስ ከአጥሩ ወዲያ አደገች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያጠብኩ ሳቋን እሰማለሁ። አፏን ስትፈታ እኔን እማዬ አለችኝ፣ እሳቸውን እሙሽ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ይኸው፣ እናቷን ለየች» ብለው ያጽናኑኝ ነበር። እኔን ግን ያ ቃል እንደ እሾህ ወጋኝ። እማዬ ማንም እናቱን የሚጠራበት ነው፤ እሙሽን ለአንድ ሰው ብቻ አበጅታ የሰጠች መሰለኝ። እማዬ ለወግ የቀረልኝ፣ ፍቅሩ በሌላው ስም የሄደ ነበር የሚመስለኝ።

ስሙም ከእሷ አፍ ወደ ሰፈሩ ወጣ። በእጃቸው የተወለደ ሁሉ፣ ከተራ ወታደር ልጅ እስከ ሻለቃ ልጅ፣ እሙሽ እያለ ይከተላቸው ጀመር። ሳዲያ የምትባል ነጋዴ መንታ ያዋለዷት ናትና በየዓመቱ ከሞያሌ ሻሽ ትልክላቸዋለች። ሻሹን ሁልጊዜ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። አንዱንም አስሬው አላውቅም፤ ዛሬ ያሰርኩት ጥቁሩ ከእነዚያ አንዱ ነው።

ሌላም የምናዘዘው አለኝ። በ1959 ዓ.ም. ባለቤቴ ወደ ሞያሌ እንዲዛወር አለቆቹን ያስለመንኩት እኔ ነኝ፤ ለሕዝብ የተናገርኩት ግን ትእዛዝ መጣ ብዬ ነው። ልጄን ከእሙሽ ለመለየት ነበር። ጥሩነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ከነገሌ የሚመጣ መኪና በገባ ቁጥር መንገድ ዳር ትወጣ ነበር። እህቴ አንድ ቀን እንኳ ልጅቱን ላኪልኝ ብለው አልጻፉም። የሚልኩት ደብዳቤ ውሃውን አፍልታችሁ አጠጧት፣ የወባ ኪኒኗን አትርሱ የሚል ብቻ ነበር። ቢለምኑኝ ኖሮ እምቢ ብዬ ይወጣልኝ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ራሴ ሰልችቶኝ ተመለስን።

ወ/ሮ ስንቄ ከጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ታመሙ። በጥር ወር በጦር ሰፈሩ ግርግር ተነስቶ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲፈራ፣ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው በነጠላ ጫማ ሄደው የአንድ ወታደር ሚስት አዋልደዋል። ያ የመጨረሻ ሥራቸው ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ሲታከሙ ቆይተው በሚያዝያ ተመለሱ። በመኝታቸውም ሆነው ሊጠይቋቸው የሚመጡ እርጉዞችን ስንተኛ ወርሽ ነው፣ ምን በላሽ እያሉ ይመረምሩ ነበር። ማክሰኞ ሰኔ 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ39 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባዶውን መስመር ይዤ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጉያቱ ጂሎ ከመንደሯ በእግሯ ደረሰች። «ናጋ፣ ሀረጌ» ብላ በቋንቋዋ ሰላምታ ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ብዙም አለቀሰች። የያዝኩት ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «እንግዲያው በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ» አለችኝ። «ልጅቱ አፍ ስትፈታ መጀመሪያ እማዬ ያለችው ስንቄን ነው። ስንቄ ብድግ አለች፣ ተሸክማ አጥሩ ጋ ወሰደቻት። እማዬ ያችውልሽ፣ ልብስ የምታጥበዋ። እኔ እሙሽ ነኝ፣ እሙሽ በይኝ አለቻት። አንድ ቀን አይደለም፣ ስንት ቀን። ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ስንቄም ታለቅሳለች። እኔ ተያት ትጥራሽ፣ ዋቃ የሰጠሽ ነው አልኳት። አይሆንም ጉያቱ አለችኝ። እህቴ ሌላው ሁሉ ተወስዶባታል፣ ይህ ይቅርላት አለችኝ።»

አሥር ዓመት ያህል የቀናሁበት ስም እህቴ ለእኔ ሲሉ ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉበት ስም ነበር። የምቀናባቸውም መሆኑን ያውቁ ኖሯል። ይህን ከሰማሁ በኋላ እስክሪብቶውን ለመምህር አዳነ ሰጠኋቸው፤ የሚከተለውን እኔ እየነገርኳቸው ጻፉት።

ወ/ሮ ስንቄ ገብረአምላክ በሕይወት ያሉ እናታቸውን ወ/ሮ አጸደ ወልደየሱስን፣ ባለቤታቸውን መምህር አዳነ ወልደሰንበትንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። የሁለት ሴት ልጆች እናት ነበሩ። አንደኛዋ ስም ሳይወጣላት በ1955 ዓ.ም. ያረፈችው ናት። ሁለተኛዋ ጥሩነሽ ኃይለማርያም ናት።

ጥሩዬ፣ ዛሬ ስታለቅሺ እሙሽ አትበዪ። እማዬ በያት። አልቀናም ብዬ በመቃብሯ ላይ አልዋሽም፤ እቀናለሁ። አንቺ ግን በያት።

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁትን እግዚአብሔር ይስጥልን። የእህቴን ነፍስ በደግ ስፍራ ያሳርፍልን። ያቺን ስም ያልወጣላትን ልጅም ወደ እቅፏ ይመልስላት፤ እዚያ እንኳ እማዬ ስትባል አቤት ትበል።