የዘጋሽ ቁልፍ ሠሪ

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን
ከቁልፍ መሥሪያ ሱቄ

ይድረስ ለልጄ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔና ልጃችን ሚጢጢ ደህና ነን። እጅ ጽሑፌን ልብ ብለሽ እዪው፤ ከማታ ትምህርት ክፍላችን አንደኛ የወጣ ነው። እሺ፣ ሦስተኛ። ሁለቱ ድሮም ያነቡ ነበር፣ አይቆጠሩም። ማታ ትምህርት ምን ሊሠራ ገባ ትዪ ይሆናል፤ እደርስበታለሁ።

ልጃችን ጓደኛ የላትም። በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። «እንጫወት?» ሲሏት ዝም። አስተማሪዋ ጠርታኝ «እርስዎ ሌላ ልጅ ይሁኑላትና ቤት ውስጥ እንደ ቲያትር ተለማመዱ» አለችኝ።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ለቲያትር የተፈጠርኩ ነኝ። የተውሽውን ሻርፕ ጠምጥሜ ዓይነ አፋር ሆንኩ፤ ኳስ የማታቀብል ስስታም ሆንኩ። በሳቅ ገደልኳት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ አኩራፊ ሆኜ ጥግ ያዝኩ።

«ይቅርታ፣ እንታረቅ?» አለችኝ።

ጀርባዬን ሰጠኋት። ደገመችው። ዝም።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ትመልሳለህ! ቲቸር እሺ ወይ እምቢ በሉ፣ ዝም ማለት መልስ አይደለም ብላለች።»

«እኔ አንደኛ አኩራፊ ነኛ!»

«እማዬንም እንዲህ ዘግተሃት ነው የሄደችው?»

ከጥጌ ተነሳሁ።

ተኮራርፈን ለሥራ ርቀሽ ከሄድሽ በኋላ ስልክሽን ያላነሳሁት በኩርፊያ ነው። ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን ያልመለስኩት ግን ማንበብ ስለማልችል ነው። አዎ፣ ጋዜጣ ዘርግቼ «ዛሬ ዜናው አይረባም» እያልኩ ስሸውድሽ ኖሬያለሁ። ሰው እንዳላስነብብ ኩራቴ ያዘኝ። የሰፈሩን በር ሁሉ የምከፍተው ሰውዬ አንድ ፖስታ አቃተኝ። ማታ ትምህርት የገባሁት ለሱ ነው፤ ማንበብ ከቻልኩም በኋላ ግን ፈርቼ ሁለት ወር አስቀመጥኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ከፈትኳቸው። «ከፈለግኸኝ አንድ ቃል ጻፍልኝ፣ እመጣለሁ» ይላል አንደኛው። ሁለተኛው «ዝምታህ መልስህ ነው፤ ገብቶኛል» ይላል። ከተጻፈ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ትናንት ሚጢጢን «ዛሬ አንቺ እማዬን ሁኚ፣ እኔ ራሴን ልሁን» አልኳት። ሻርፕሽን ደረበች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተመለሽልኝ» አልኩ።

ዝም አለች። ደገምኩት። ዝም።

«መልሺ እንጂ! ዝም ማለት መልስ አይደለም ስትይኝ አልነበር?»

«እማዬ እንዴት እንደምታወራ አላውቅማ፣ አባዬ። ድምጿን ረሳሁት።»

እሺ ካልሽ በሩ ክፍት ነው። እምቢም ካልሽ ለሷ ጻፊላት፤ እኔ አነብላታለሁ።

ባለሽበት ጤና ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

የልጅሽ አባት
በገዛ እጁ