ስለ ቀይ አምፖሌና ደጉ ስለተባለው ጠጪ

ኅዳር ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ካሳ
የትንሿ ከተማችን ሹም

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የምድጃዎንም ሙቀት በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ በገበያው ወይራ ላይ የለጠፍሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። ጽሕፈት ቤትዎ ደጋግሜ ደጅ ብጠና ጸሐፊዎ የሴት ጉዳይ በወንድ በኩል ይቅረብ ስላሉኝና የማቀርበው ወንድ ስለሌለኝ ነው።

እኔ የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ልጅ፣ የሟቹ የመንገድ ሠራተኛ የአቶ ባዩ ሚስት ነኝ። አባቴ ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ከወንዶቹ ተማሪዎች ጋር ፊደል ስላስቆጠሩኝ፣ በዚህ ጽሑፍ ጥፋት ቢገኝ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

ባሌ በሲማዳ ቆላ መንገድ ሲጠርጉ አንድ ኤሊ አግኝተው ይዘውልኝ መጡ፤ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም ነበርና ደጉ ብለን ስም አወጣንለት። እሳቸው ካለፉ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር እሱና እኔ ብቻ ነን። ኤሊ እንደ እኛ ከገዛ ገላው ሙቀት አያወጣም፤ ከውጭ ባገኘው ነው የሚኖረው። ስለዚህ ባሌ ሣጥን ሠርተው፣ ከከተማው ሞተር በሚመጣው መብራት ቀይ አምፖል በአንደኛው ጫፍ፣ ከተነጠፈለት ጭድ አርቀው በሰንሰለት አንጠለጠሉለት፤ ሌላውን ጫፍ ሲሞቀው እንዲሸሽበት ቀዝቃዛ አድርገው ተዉለት። ቀይ የሆነውም ነጩ ብርሃን እንቅልፍ ስለሚነሳው ነው። የከሰል እሳት ግን ጢሱ ሁለታችሁንም ይጨርሳችኋል ብለው በቤቱ እንዳላስገባ አስምለውኛል።

፩ኛ፤ ስለ አጥሩ እጅግ አመሰግናለሁ። በመስከረም ታላቅ እንግዳ ያልፋሉ ተብሎ፣ ጎጇችንን አይተው እንዳያዝኑ ከደጃችን ፊት ረጅም የቆርቆሮ አጥር አቆሙልን። እንግዳው በሌላ መንገድ አለፉ፤ አጥሩ ቀረ፤ የጠዋት ፀሐይም ከግቢዬ ጠፋች። ኤሊ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ካላገኘ ቅርፊቱ እንደሚለሰልስ፣ በመስኮት መስታወት አልፋ የምትገባዋም ብዙ እንደማትረዳው አንድ የከብት ሐኪም ነግሮኝ ነበር። ይሁን እንጂ ያልመጣ እንግዳ ከሐዘን መዳኑ ከአንድ ኤሊ ጤና ይበልጣልና ዝም አልሁ።

፪ኛ፤ የመብራት ሽቦዬን ስለ ቆረጡልኝም አመሰግናለሁ። በአገራችን ቀይ አምፖል የሚያበራ ቤት መሸታ ቤት መሆኑን አላጣሁትም። ጎረቤቴ ወይዘሮ አሰለፈችም ማታ ማታ በግድግዳው በኩል፣ ደጉ ጠጋ በል፣ ሙቅ እንጂ፣ ምነው ዛሬስ አልበላ አልህ ስል እየሰሙ ምን ያስቡ? ያለ ፈቃድ ጠጅ ትሸጣለች፣ ወንድም ታስተናግዳለች ተባልሁ። ዘበኞችዎ ገብተው ደጉ የተባለውን ጠጪ አስረክቢ አሉኝ። ሣጥኑን አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ እሱም አንገቱን ሰበሰበ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የተሰጠ ትእዛዝ አይታጠፍም ብለው ሽቦውን በጠሱት። ከባሌ ተዝካር ወዲህ ከደጄ ዘልቆ የገባ ሰው እነሱ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ተቀመጡ ብዬ መለመኔን አልሸሽግም። አልተቀመጡም።

፫ኛ፤ ይህ ክስ አይደለም። ውርጩ ገብቷል። ደጉ ጎመኑን ትቷል፤ ዓይኑንም የሚገልጠው በግድ ነው። በጋቢ ጠቅልዬ አቅፈዋለሁ፤ ጋቢ ግን ያለን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ የሌለውን አያመጣም፤ የእኔም ገላ እንደ ዱሮው አይሞቅም። እሱ የሞተብኝ እንደ ሆነ በዚህ ቤት የማንን ስም ጠርቼ እንደምናገር አላውቅም፤ ይህ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ሽቦዬ እንዲቀጠልልኝ፣ ከአጥሩም አንዲት ቆርቆሮ ብቻ እንድትነሣልኝ፣ ከዚያ ሁሉ ታላላቅ ሥራዎ መካከል ጥቂት ፋታ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።

ከክቡርነትዎ ጫማ ሥር ወድቃ እጅ የምትነሣ፣ ጠጅም ጠጪም የሌላት የመሸታ ቤት ባለቤት፣
ፈትለወርቅ ወልደ ሰንበት

ግልባጭ፦ ለቅዳሜ ገበያተኛ በሙሉ፤ ማንበብ ለማይችለው የሚችለው ያንብብለት።

ማስታወሻ፦ ዘበኞችዎ በመጡበት ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ አንድ የተከበሩ ሰው ቀዩን ብርሃን አይተው ደጄን አንኳኩና ጠጅ አለ ወይ አሉኝ። ከእኔና ከደጉ በቀር በቤቱ ምንም የለም ብዬ በሩን ብከፍት፣ ፊታቸውን በኩታ ሸፍነው በችኮላ ሲሄዱ ከዘራቸውን ጣሉ። ባለ ብር እጀታ ነው፤ ክቡርነትዎ በጥምቀት የሚይዙትን ይመስላል፤ ክቡርነትዎ እንዲህ ካለ ደጅ እንደማይቆሙ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ባለቤቱ ሽቦዬ የተቀጠለ ዕለት በቀን መጥቶ ይረከብ። እስከዚያው ደጄ ላይ አስደግፌዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሲያየው በቤቱ ሰው ያለ ይመስለዋል፤ እኔንም አንዳንድ ጊዜ ይመስለኛል።