በሐይቁ ላይ የገጠምኩት ካርታ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለታቢታ፣ ዱባይ

እታለም፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። የአባባ መቃብር በሲሚንቶ ተለስኗል፤ አጎታችን ግዛቸው ናቸው ቆመው ያሠሩት። እኔ ደህና ነኝ አልልሽም። አንድ ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ዕቃ ሊያመጣ የሚመላለሰው ሙህዲን ያደርስልሻል።

በለቅሶው ቀን በስልክ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? «ውሃው ቡሹሎ አይደርስም ያለውን ካርታ የሠራውን ሰው ጌታ ይፍረድበት!» አልሽ። ለቀስተኛው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ታቢታ።

ሥራዬን «ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ» ትይው የለ? አውሮፕላን ከላይ ሆኖ መሬቱን በሌዘር ይለካል፤ ሊዳር ይሉታል። ሚሊዮን ነጥብ ይመጣል፤ እኔ ዛፉንና ጣሪያውን አውጥቼ የመሬቱን ከፍታ ካርታ እሠራለሁ። የቡሹሎ በኩል የተለካው በ2015 በጋ ነው፣ የከተማው በኩል ከሁለት ክረምት በኋላ። ሁለቱን ማጋጠም የእኔ ፋንታ ነበር።

ለዚያ ደግሞ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ይፈለጋል። ደንቡ ቡሹሎ ሄዶ የልኬት ችካሉን መለካት ነው፤ ያ የኮንክሪት ድንጋይ እኮ አባባ ጓሮ ነው ያለው! በባጃጅ ሃያ ደቂቃ። ግን አግባ አግባ ሲሉኝ ተኳርፈን ነበር። ዓይናቸውን ላለማየት ቢሮ ቁጭ ብዬ በሐይቁ ገጠምኩት። ውሃው ሁለቱም ላይ አለ፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ምን ጎደለው አልኩ። ሐይቁ ግን በሁለቱ ክረምት ከፍ ብሎ ኖሯል። የ2015ቱን ዝቅ ያለ ውሃ ከአዲሱ ጋር እኩል ሳደርግ፣ ቡሹሎን በሙሉ ካርታው ላይ ወደ ላይ አነሳሁት። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት እንኳ ውሃው እየገፋ መሆኑን ያውቁ ነበር። አንድ ሰው ብጠይቅ ምን ነበረበት? አይ እኔ!

መስከረም ላይ ውሃው ጓሮ ሲገባ አባባ ኩርፊያውን ትተው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጎረቤቱ እየወጣ ነው። ልውጣ ወይስ ልቆይ?» አሉኝ። ካርታዬን ከፍቼ አየሁ። «ይቆዩ አባባ፣ ደጁ ጋ ሲደርስ ይቆማል» አልኳቸው።

ጎረቤታችን ሐዳሳ እንውጣ ብላ ስትለምናቸው «ልጄ ለክቶታል» ብለው ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የራሰው የጭቃ ግድግዳ ተደረመሰባቸው።

ከቀብሩ በኋላ መለኪያውን ተሸክሜ ሄድኩ። ውሃ ውስጥ ቆሜ ያንን የጓሮውን ድንጋይ ለካሁት። ካርታዬ ካለው አንድ ሜትር ከሃያ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። አስተካክዬ ለኃላፊዬ ባሳየው «ዝም በል፣ አባትህን አይመልስልህም» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቀበሌው ባሳያቸው በዚያ ካርታ ተማምነው ያልወጡ አሥራ አንድ ቤቶች አሉ፤ ውሃው ደግሞ አልቆመም። ሰኞ ቀበሌ ገብቼ በስሜ እናገራለሁ፤ የሚሆነው ይሁን። አንቺ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

እርግማንሽን አንሺልኝ አልልሽም። አሜን ያልኩት ከልቤ ነው።

በሰው አገር ጌታ ይጠብቅሽ፤ ደጅሽ ደረቅ ይሁን።

«ልጄ ለክቶታል» የተባለው ወንድምሽ፣
ማርቆስ