በዓይንህ ልክ የተሠራ መጽሐፍ

ወንድሜ ልብስ ሰፊው፣ እንዴት ሰነበትክ? ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘኝም! ትናንት የእህቴ ልጅ መምህራን በምታሠለጥንበት ኮሌጅ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። የጎልማሶች ማንበቢያ መጽሐፍ አሳየቻቸውና «ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ቅዱት፣ አሻሽሉት፣ ለሌላም ስጡት» አለች። በማታ ትምህርት ቤታችን እኔ ከአንተ አንዲት መስመር ብኮርጅ ስንት ቁጣ ወረደብኝ፤ ያውም የተሳሳተችውን! እጄን አውጥቼ፣ «ዓይኔ ደከመ ብሎ ትምህርቱን ለተወ ጓደኛዬስ ፊደሉን ማተለቅ ይፈቀዳል?» አልኳት። «ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው!» አለችና አንተ የጠበበ ኮት እንደምታሰፋው እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ አስፍታ አተመችው። አንዱ «ሀ» በር ያህላል፤ ምን ሰበብ ቀረህ? ይዤልህ እመጣለሁ። ቦታ አለቀብኝ፤ ለባለቤትህና ለሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ። ይህን ካርድ ልጅህ ታንብብልህ፤ መጽሐፉን ግን ለእሷ የምታነብላት አንተ ነህ።