በሦስት ዛፎች ልትጋረድ ስለታሰበች ቤት

ለክቡር ሚስተር ራልፍ ኮትግሬቭ፣
የዊተርሊ የአትክልት መንደር ቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት በመንገዳችን ሲያልፉ ልክ ቤቴ ጋ ሲደርሱ ፊትዎን ወደ ሌላ ወገን ሲያዞሩ ስላየሁ፣ አንገትዎን ያመመዎት መስሎኝ ሰግቻለሁ። ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ።

እኔ በሃዘል መንገድ ሰባተኛው ቤት የምኖር ሙሪየል ታንስሊ ነኝ። በግራና በቀኜ ያሉት ቤቶች መንደሩ ሲቆረቆር እንደተሠሩ ተጠብቀው ሲኖሩ፣ የእኔዋ ብቻ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ወድቆባት አባቴ እንደገና ያሠራት ስለሆነች፣ ጣሪያዋ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል፤ ታሪክም የላትም ተብሏል። ይህችን ቤት «ከጎብኚዎች ዓይን ለመሰወር» ደጃፏ ላይ ሦስት ዛፎች ሊያስተክሉ መወሰንዎን በደብዳቤ ስላስታወቁኝ እጅ እነሣለሁ። እግረ መንገዴን ጥቂት ምስጋናዎች ላቅርብ።

አንደኛ፣ በጸደይ የመንደሩ በሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሲቀቡ፣ ሠራተኞችዎ የጎረቤቴን የዶሪን ባሴትን በር ጨርሰው የእኔን እንዳላዩ አልፈው ቀጣዩን ስለቀቡልኝ አመሰግናለሁ። በሬ አሁን ከሩቅ ይለያል።

ሁለተኛ፣ በሰኔው የጉብኝት እሑድ አስጎብኚያችን ሚስተር ላምበርት እንግዶቹን ጀርባቸውን ለእኔ አሰጥተው አቁመው፣ «ወደ ኋላ ብቻ አትዩ፤ ከኋላችሁ ያለችው የመንደሩ ጉድ ናት» ይሏቸዋል። ሰው አትይ ከተባለ ማየቱ አይቀርምና ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ ሰው ይኖርባታል እኮ» ስትል፣ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ሻዬን እንደያዝኩ እጄን አውለበለብኩላት። ዶሪን ግን ግቢዋ ውስጥ ለእንግዶች ኬክ እየቆረሰች፣ «የእኔዋ ከእናቴ ጀምሮ አንድ ምስማር አልተነቀለባትም» ትላለች። የዘንድሮው የመንደሩ ካላንደር ላይም የወጣችው የእሷ ቤት ናት፤ አጠገቧ መታየት የነበረበት የእኔ ግድግዳ ተቆርጦ ወጥቷል።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ይቅርና እውነቱን ልናገር። ቅናት ነው፣ ክቡር ሆይ። ያንገበግበኛል። ያ ቦምብ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢወድቅ ኖሮ ዛሬ ኬኩን እኔ እቆርስ፣ ደብዳቤውን ዶሪን ትጽፍልዎ ነበር እያልኩ ሳሰላስል እውላለሁ። ቅናት አጥንትን ያነቅዛል እንደተባለ፣ ጉልበቴን የሚያመኝም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

የመንደራችን መሥራቾች ግንብ ከልክለው፣ አጥር ከቁጥቋጦ ይሁን፣ ቁመቱም ከደረት አይለፍ ያሉት ጎረቤት ከጎረቤቱ እየተያየ ሰላም እንዲባባል ነበር። የዶሪን አጥር አምና አንድ ስንዝር ቢረዝም መቀስ የያዘ ሰው የላኩት እርስዎ ነዎት። ለእኔ ሲሆን ከጣሪያ የሚበልጥ ዛፍ መፍቀድዎ ለማንም ያልተደረገ ውለታ ነው። ነገር ግን ዛፎቹ ሲያድጉ መስኮቴ ይጨልማል። ባሌ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ «ሙሪየል፣ አለሽ ወይ? መጋረጃሽ እስካሁን አልተከፈተም» የምትለኝ ያችው ዶሪን ናት። እሷ መጋረጃዬን ካላየች መኖሬን ማን ያውቃል? እኔስ እሷን ካላየሁ በማን ልቀና ነው?

ስለዚህ ዛፎቹን ለሌላ አስቀያሚ ነገር እንዲያውሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለቀደሙት ሰዎች ቤት ያለዎት ፍቅር ተርፎ በሕይወት ላለነውም ትንሽ እንዲደርሰን እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ መካከል ሆና መንደሩን የምታበላሽብዎ፣

ታዛዥዎ ሙሪየል ታንስሊ

ማስታወሻ፦ በተጠበቁት ቤቶች ውስጥ እንግዳ ሽንት ቤት እንዳይጠቀም ኮሚቴዎ ስለከለከለ፣ ሚስተር ላምበርት የቸገረውን ሁሉ «እዚያች ቤት አንኳኩ፣ ሴትዮዋ ደግ ናቸው» እያሉ ሲልኩልኝ ኖረዋል። ባለፈው ሰኔ የተከበሩት ባለቤትዎም በጥድፊያ አንኳኩተው ነበር። ዛፎቹ ከተተከሉ የቤቴ በር አይታይምና እንግዶችዎ እዚያው ዛፎቹ ሥር መቅረታቸው አይቀርም። ግድ የለም፤ አዲስ ችግኝ ውኃ ይወዳል።